የሒሳብ ሠራተኛው የላስ ቬጋስ ጉዞ

አንባቢዎቼ ሆይ! ከመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ፤ ከፊታችሁ የተዘረጋውን መዝገብ በእጃችሁ እየደመራችሁ፤ ልባችሁ ግን ሌላ አገር ደርሶ የሚያውቅ ከሆነ፤ ይህን ጽሑፍ እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ። የማወራችሁ እንደ እናንተው ያለ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ስላደረገው ጉዞ ነውና።

ነገሩን ያነሣብኝ ጎረቤቴ ነው። ጎረቤቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ከተቀጠረ ገና ሦስተኛ ዓመቱ ነው። እኔ ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ስለዚህ ሁለታችንም የቁጥር ጭሰኞች ነን ማለት ይቻላል። ባለፈው ጊዜ ቅዳሜ ማታ እኔ ቤት ቡና ስንጠጣ፤ ስልኩን ከኪሱ አወጣና አንድ የቆየ የቴሌቪዥን ፊልም ያሳየኝ ጀመር። ባርኔጣ የደፋና ጥቁር መነጽር ያደረገ አንድ ፊተ ክብ ወጣት በካርታ ገበታ ዙሪያ ተቀምጧል፤ ሰዎች ከኋላው ይጮኻሉ፤ በገበታው ላይ ገንዘብ እንደ ጡብ ተከምሯል።

«ይህ ሰውዬ እንደኔ ሒሳብ ያዥ ነበር፤» አለኝ። «86 ዶላር ከፍሎ ገባ፤ 2 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ይዞ ወጣ። እስቲ መምህር፣ ይህን አስላልኝ!»

ወዲያውኑ የሚሰጥ መልስ አልነበረኝም። የጎረቤቴ ዓይን ላይ ያየሁት ነገር ግን ዕረፍት ነሣኝ። በዚያው ሰሞን የእቁብ ዕጣ ወጥቶለት ነበርና ገንዘቡ ገና በእጁ ነው። ስለዚህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብና ሳሰላ ሰነበትሁ። የደረስሁበትን ለእናንተም ላካፍላችሁ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

በመጀመሪያ ጨዋታው ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ላስረዳ። በአገራችን ካርታ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ኮንከር ያልተጫወተ ተማሪም ጥቂት ነው። ፖከር የተባለው ጨዋታ ግን ካርታ ብቻ ሳይሆን ልብም የሚፈተንበት ነው። ዛሬ በውድድር በጣም የተለመደው «ቴክሳስ ሆልደም» የሚሉት ዓይነት ሲሆን፤ ካርታው ከተበወዘ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተከድኖ ይታደለዋል። እነዚህን ሁለቱን ከራሱ በቀር የሚያያቸው የለም። ቀጥሎ አምስት ካርታዎች በገበታው መካከል እየተገለጡ ይቀመጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት በአንድ ጊዜ፤ ከዚያ አንድ፤ በመጨረሻም አንድ። እነዚህ አምስቱ የሁሉም የጋራ ናቸው። ተጫዋቹ ከሰባቱ የሚሻሉትን አምስት ይመርጣል። ጥንድ ከባዶ ይበልጣል፤ ሁለት ጥንድ ከአንድ ጥንድ ይበልጣል፤ ሦስት አንድ ዓይነት ከሁለት ጥንድ ይበልጣል፤ ሦስት አንድ ዓይነት ከአንድ ጥንድ ጋራ ከተገኘማ ከነዚህ ሁሉ ይበልጣል። ሌላም ደረጃ አለ፤ ለዛሬው ጉዳያችን ግን ይህ ይበቃናል።

ካርታው በተገለጠ ቁጥር ተጫዋቾቹ ይመድባሉ። ሌላው የመደበውን ያህል ለመመደብ ያልፈለገ ካርታውን ጥሎ ከዚያ ዙር ይወጣል። ሌሎቹ ሁሉ ጥለው አንድ ሰው ብቻ የቀረ እንደ ሆነ ግን፤ ያ ሰው በእጁ ምን እንደ ያዘ ሳያሳይ መደቡን ጠቅልሎ ይወስዳል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ምንም የሌለው ሰው ሁሉን እንደ ያዘ ሆኖ ሊመድብና ባላጋራውን ሊያስሸሽ ይችላል። ቀረርቶና ፉከራ በሚያውቅ አገር ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ጠመንጃው ባዶ የሆነ ሰው ፎክሮ ባላጋራውን ካስሸሸ፤ ድሉ ድል ነው፤ ጥይት አልነበረህም ብሎ የሚከሰው የለም።

ይህ ጨዋታ በሁለት መንገድ ይካሄዳል። አንደኛው በየገበታው የራስን ገንዘብ እየመደቡ መጫወት ነው፤ ሰው በፈለገ ጊዜ የቀረውን ይዞ ይነሣል። ሁለተኛው ውድድር ነው። በውድድር ጊዜ ሁሉም እኩል የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ፤ በለውጡ እኩል ቁጥር ያላቸው ክብ ክብ ጠጠሮች ይቀበላል። ጠጠሩ ገንዘብ አይደለም፤ ልመንዝረውና ልሂድ ማለትም አይቻልም። ጠጠሩ ያለቀበት ይወጣል፤ የሁሉም ጠጠር በአንድ ሰው እጅ እስኪጠቃለል ድረስ ውድድሩ ይቀጥላል። ደግሞም ካርታ ሳይታይ በግድ የሚመደበው ጠጠር በየጊዜው እየጨመረ ስለሚሄድ፤ ጥሩ ካርታ እስኪመጣልኝ ዝም ብዬ ልጠብቅ የሚል ሰው እንደ ጧፍ ቀልጦ ያልቃል።

ከነዚህ ውድድሮች ሁሉ ስመ ጥሩው በአሜሪካ በኔቫዳ ግዛት፤ በላስ ቬጋስ ከተማ በየዓመቱ የሚደረገው «ወርልድ ሲሪስ ኦቭ ፖከር» ነው። በ1970 የጀመረው «ሆርስሹ» የተባለው የቁማር ቤት ባለቤት ቤኒ ቢኒየን ነበር። የዋናው ውድድር መግቢያ 10,000 ዶላር ነው። ይህ ዋጋ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሳይለወጥ መቆየቱ ያስደንቃል፤ በዓለም ላይ በዚህ ሁሉ ዘመን ዋጋው ያልጨመረ ነገር ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ 10,000 ዶላር ከየት ይመጣል? ትሉኛላችሁ። ለዚህ መላ ተበጅቶለታል። ማጣሪያ የሚባል ትንሽ ውድድር አለ፤ ለምሳሌ አሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር አዋጥተው ይጫወታሉ፤ አሸናፊው የዋናውን ውድድር መግቢያ ያገኛል። ጎረቤቴ ይህን በነገርሁት ጊዜ «እንግዲያማ እቁብ ማለት አይደለም እንዴ!» አለኝ። በፍጹም አይደለም። በእቁብ አሥር ሰው ቢያዋጣ አሥሩም በየተራው ያዋጣውን ያገኛል፤ ዕጣው የሚወስነው ማን እንደሚቀድም ብቻ ነው። ዳኛውም ጸሐፊውም ለዚህ ነው የሚቀመጡት። በማጣሪያ ግን አንዱ ወሰደ ማለት ዘጠኙ ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ሄዱ ማለት ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከሒሳብ ሠራተኛው በፊት አንድ የሙያ ባልደረባዬን ላስቀድም። በ2000 «ሃርፐርስ» የተባለው መጽሔት ጄምስ ማክማነስ የተባለውን ደራሲ ወደ ላስ ቬጋስ ላከው። ማክማነስ ገጣሚና ልብ ወለድ ጸሐፊ ሲሆን በቺካጎ ከተማ በአንድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። ባለ ትዳርና የልጆች አባት ነው። የተላከውም ሊጫወት ሳይሆን ሊጽፍ ነው፤ ይኸውም በውድድሩ ስለሚካፈሉት ሴቶች፤ ደግሞም የቤኒ ቢኒየን ልጅ ቴድ ቢኒየን በ1998 ስለሞተበት ሁኔታ በፍርድ ቤት ይታይ ስለነበረው የግድያ ክስ ነበር። መምህሩ ግን ለጽሑፉ ከተሰጠው ቀብድ ላይ ቆንጥሮ ማጣሪያ ገባ፤ አሸነፈም። ከዚያም 512 ሰዎች በተካፈሉበት ዋና ውድድር ውስጥ ከነማስታወሻ ደብተሩ ተቀመጠ።

ይህ ሰው ሳይዘጋጅ አልሄደም። ቤቱ ሆኖ በኮምፒዩተር ይለማመድ ነበር፤ የታወቁ ተጫዋቾች የጻፏቸውንም መጻሕፍት እንደ ፈተና ተማሪ አጥንቷል። ከነዚያ ጸሐፊዎች አንዱ ቲ. ጄ. ክሉቲየር የተባለ አንጋፋ የቴክሳስ ተጫዋች ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በመጨረሻው ገበታ ላይ መምህሩ ቀና ብሎ ቢያይ፤ መጽሐፉን ያጠናው ያው ክሉቲየር አብሮት ተቀምጧል! እኔ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳለሁ የመማሪያ መጽሐፌ ደራሲ በፈተናው ቀን ከጎኔ ቢቀመጥና ቢወዳደረኝ ምን እሆን እንደ ነበር ባሰብሁት ጊዜ ላብ አጠመቀኝ። ማክማነስ አምስተኛ ወጣ፤ 247,760 ዶላርም ተቀበለ። የሄደበትንም ጽሑፍ አልተወም፤ ከዚያ ጉዞ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አውጥቶ በ2003 አሳተመ።

ባለ መጽሐፉ ክሉቲየርስ? የእርሱ ነገር ያሳዝናል። መጨረሻ ላይ ሁለት ሰዎች ቀሩ፤ እርሱና በኮምፒዩተር ትምህርት የዶክትሬት ማዕርግ ያገኘው ጸጉረ ረጅሙ ክሪስ ፈርጉሰን። በመጨረሻው ዙር ያለው ጠጠር ሁሉ በተመደበ ጊዜ የተሻለውን ካርታ የያዘው ክሉቲየር ነበር፤ እርሱ አስና ንግሥት፤ ፈርጉሰን አስና ዘጠኝ። አራት ካርታዎች ተገልጠው አንድ ብቻ ቀርቷል። ካልታዩት 44 ካርታዎች ለፈርጉሰን ድል የሚሰጡት ሦስቱ ዘጠኞች ብቻ ነበሩ። የተገለጠው ካርታ ዘጠኝ ሆነ። ክሉቲየር ሳያጠፋ ተሸነፈ። አንድ ሰው ማድረግ የሚገባውን ሁሉ አድርጎ በአንድ ካርታ ሲወድቅ ማየት፤ ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ የዚህ ጨዋታ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ጀግና እንምጣ። ስሙ ክሪስ መኒሜከር ይባላል። ቃሉ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ገንዘብ ሠሪ» ማለት ነው፤ የቅጽል ስም መስሏችሁ እንዳትስቁ፤ የቤተሰቡ ስም ነው። በ1975 የተወለደ፤ በአሜሪካ በቴኔሲ ግዛት በሒሳብ ሥራ የሚተዳደር፤ ባለ ትዳር፤ ዕዳም ያለበት ሰው ነበር። ፖከር የሚጫወተው ቤቱ ተቀምጦ በኢንተርኔት ነው። በ2003 በኢንተርኔት በተደረገ አንድ የ86 ዶላር ማጣሪያ ገብቶ አሸነፈ፤ ያም ወደሚበልጠው ማጣሪያ አሳለፈው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ፤ ጎረቤቴ ያሳየኝ ፊልም የማይነግረው። በሁለተኛው ማጣሪያ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጡት የላስ ቬጋስ መግቢያ ሲያገኙ፤ አራተኛው ግን 8,000 ዶላር በጥሬ ገንዘብ ይሰጠዋል። መኒሜከርም የፈለገው መግቢያውን አልነበረም፤ አራተኛ ወጥቶ ዕዳውን ለመክፈል ነበር ያሰበው! አንድ ወዳጁ ነው ተው ወደ ፊት ሂድ ብሎ ያበረታታው። ከዚያም ለጉዞው ከአባቱና ከወዳጁ ገንዘብ ተቀብሎ ከሚያገኘው ላይ ድርሻ እንደሚሰጣቸው ተስማማ። እንግዲህ «86 ዶላር ከፍሎ» የሚለው ወሬ እውነት ቢሆንም፤ ሰውዬው ያን ጊዜ በእጁ ሊያስገባ ይችል የነበረውን 8,000 ዶላር ትቶ እንደ ሄደ ማወቅ ያስፈልጋል። በሒሳብ አያያዝ ትምህርት ይህ ከወጪ ይቆጠራል፤ ጎረቤቴም ይህን በሰማ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ።

በግንቦት ወር 2003 ላስ ቬጋስ ሲደርስ ተወዳዳሪው 839 ነበር። ለመኒሜከር ከሰው ጋራ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጫወተው ይህ የመጀመሪያው ትልቅ ውድድር ነው። በኢንተርኔት ሲጫወት እጁ ቢንቀጠቀጥ፤ ፊቱ ቢቀላ፤ ትንፋሹ ቢቆራረጥ የሚያየው አልነበረም። እዚህ ግን ሰው የባላጋራውን የአንገት ሥር እስከ መቁጠር ይደርሳል። ለዚህ ነው ጥቁሩ መነጽር። ከ1987 እና ከ1988 ሻምፒዮኑ ከጆኒ ቻን ጋራም ገጠመ፤ ከውድድር ያስወጣውም እርሱ ራሱ መኒሜከር ነው።

አሥር ሰዎች በቀሩ ጊዜ የተደረገውን ዙር ግን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ የጉዞው ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ክር ላይ ነውና። ባላጋራው ፊል አይቪ ነበር፤ ኋላ በዓለም ላይ ከታወቁት ተጫዋቾች አንዱ የሆነ። መኒሜከር አስና ንግሥት ይዟል፤ አይቪ ሁለት ዘጠኝ። መጀመሪያ የተገለጡት ሦስቱ ካርታዎች ሁለት ንግሥትና አንድ ስድስት ሆኑ፤ ስለዚህ መኒሜከር ሦስት ንግሥት አገኘ። አራተኛው ካርታ ዘጠኝ ሆነ! አይቪ ሦስት ዘጠኝ ከሁለት ንግሥት ጋራ አለው፤ ጨዋታው ተገለበጠ። ያን ጊዜ አይቪ የቀረውን ሁሉ መደበ፤ መኒሜከርም ተከተለ። ካልታዩት 44 ካርታዎች መኒሜከርን የሚያድኑት ሰባት ብቻ ናቸው፤ አንዲት ንግሥት፤ ሦስት አስና ሦስት ስድስት። ከስድስት ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል የሚሆን ነገር ነው። የመጨረሻው ካርታ አስ ሆነ። አይቪ አሥረኛ ሆኖ ተነሣ፤ የሒሳብ ሠራተኛው ወደ መጨረሻው ገበታ ገባ።

መጨረሻ የቀሩት ሁለቱ መኒሜከርና ሳም ፋርሃ ነበሩ። ፋርሃ የሊባኖስ ተወላጅ፤ ሥራው ይህ የሆነ ሰው፤ ያልተለኮሰ ሲጋራ በከንፈሩ ሰክቶ የሚጫወት ነው። መኒሜከር ከመጀመራቸው በፊት የአንደኛውንና የሁለተኛውን ሽልማት እኩል እንካፈል የሚል ሐሳብ ቢያቀርብለት እምቢ አለ። ልማዱ ያደረገ ባለ ሙያ ከጀማሪ ጋራ ለምን ይካፈላል?

ከዚያ በኋላ ነው ያ ዝነኛ ባዶ ፉከራ የመጣው። አምስቱም ካርታዎች ተገልጠዋል። ፋርሃ ጥንድ ዘጠኝ አለው፤ ከተገለጡት ቁጥሮች ሁሉ ከፍተኛው ጥንድ ነው። መኒሜከር የጠበቀው ካርታ ሳይመጣለት ቀርቶ አንድ ንጉሥ ብቻ ይዟል፤ ጥንድ እንኳ የለውም። ያለውን ጠጠር ሁሉ ወደ መካከል ገፋው። ፋርሃ አሰበ፤ ባላጋራውን ትክ ብሎ ተመለከተ፤ ሊያናግረውም ሞከረ። መኒሜከር እንደ ሐውልት ደርቆ ተቀመጠ። በመጨረሻ ፋርሃ ካርታውን ጣለ። ከጥቂት ዙር በኋላ ፋርሃ ጃክና አሥር፤ መኒሜከር አምስትና አራት ይዘው ተገናኙ፤ ሲገለጥ ጃክ፣ አምስት፣ አራት መጣ። ፋርሃ በጥንድ ጃክ ተማምኖ ያለውን ሁሉ መደበ፤ የሒሳብ ሠራተኛው ሁለት ጥንድ ነበረው፤ መጨረሻ ላይ ሌላ አምስት ተጨመረለትና ጨዋታው አለቀ። 2 ሚሊዮን ተኩል ዶላር!

ጎረቤቴን የማረከው ይህ ፊልም ነው፤ አልፈርድበትም፤ እኔንም ማርኮኛል። ነገር ግን ፊልሙን ስንመለከት እኛ የምናየው ነገር ፋርሃ ያላየው መሆኑን አንርሳ። የናዚ ጀርመን የእስረኞች ሠፈር ሞት አምልጦ አሜሪካ የገባውና የአሻንጉሊት ፈልሳፊ የነበረው ሄንሪ ኦረንስታይን የተከደነውን ካርታ ለተመልካች የሚያሳይ የካሜራ ዘዴ አውጥቶ ነበር። በዚህ ዘዴ ምክንያት ተመልካቹ የሁለቱንም እጅ እያየ «ይህን እኔም አደርገዋለሁ» ይላል። እኔም የተማሪዎቼን ፈተና መልሱን ይዤ ሳርም ጥያቄው ሁሉ ቀላል ሆኖ ይታየኛል። ደግሞም አምስት ቀን የፈጀ ድካም ተቆርጦ ጥቂት ሰዓት ሆኗል፤ ካርታ እየጣሉ ዝም ብሎ የተቀመጡበት ረጅሙ ሰዓት አይታይም።

ነገሩን በዓይን ለማየት እንዲያመች አንድ ቀን ማታ ከጎረቤቴ ጋራ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር አወጣን። በሃያ መስመርና በአርባ ሁለት ዓምድ አጥር ሠራን፤ 840 ካሬ ሆነ፤ አንዷን ሠረዝናት፤ 839 ቀረ። እያንዳንዷ ካሬ አንድ ሰው ናት። በ2003 ሽልማት ያገኙት 63 ሰዎች ናቸው፤ እነዚህን በቀይ እርሳስ ቀባናቸው። ከአራተኛው መስመር ሳንደርስ በሁለተኛው አጋማሽ ላይ አለቀብን። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ነጭ ነው፤ 776 ካሬ። እያንዳንዱ ነጭ ካሬ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ፤ ወይም መኪናውን ነድቶ፤ ሚስቱን ተሰናብቶ የሄደ ሰው ነው።

ጎረቤቴ «እኔ ግን ከሌላው ሰው ብሻልስ?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ፖከር ሎተሪ አይደለምና። ብልኀት እንዳለበት ማስረጃው የ1995 ሻምፒዮን የሆነው ዳን ሃሪንግተን ነው። በ2003 ከ839 ሰዎች ሦስተኛ ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከ2,576 ሰዎች አራተኛ ወጣ። ይህን ዕድል ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ፤ ሒሳብ ላስተምረው ዝግጁ ነኝ። ሆኖም ብልኀት የሚታየው በብዙ ጨዋታ ነው፤ ዋናው ውድድር ግን በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ከሌሎቹ የማይበልጥ የማያንስም ተጫዋች በ839 ሰዎች መካከል ቢወዳደር፤ አንድ ጊዜ ለማሸነፍ በአማካይ 839 ዓመት ያስፈልገዋል። ማቱሳላ 969 ዓመት ስለኖረ አንድ ዋንጫ ሊደርሰው ይችል ነበር። ከአማካዩ ሦስት እጥፍ የተሻለ ነው ብንልና ዕድሉን በሦስት ብናበዛለት እንኳ 280 ዓመት ያህል ነው። ጎረቤቴ ጡረታ የሚወጣው በ60 ዓመቱ ነው።

ከመኒሜከር በኋላማ ለማቱሳላም የሚሆን አልቀረም። ያን ፊልም ያየ ሁሉ «እኔስ ከማን አንሳለሁ» ብሎ ተነሣ። በ2004 ተወዳዳሪው 2,576 ደረሰ፤ ያሸነፈውም ግሬግ ሬይመር የተባለ የፈጠራ መብት ጠበቃ ነው፤ እርሱም የመጣው በኢንተርኔት ማጣሪያ ነበር። በ2005 5,619 ሰዎች ተወዳድረው በሊባኖስ ተወልዶ በአውስትራሊያ የሚኖረው ጆ ሃሼም 7 ሚሊዮን ተኩል ዶላር አገኘ፤ ቀድሞ ሥራው የጀርባ አጥንት ማሸት ነበር። በ2006 8,773 ሰዎች ሆኑ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት በኢንተርኔት ቁማር የገንዘብ ዝውውር ላይ ሕግ አወጣ፤ በኤፕሪል 15 ቀን 2011 ደግሞ ትልልቆቹን የፖከር ድርጅቶች ከሶ በአሜሪካ ዘጋቸው፤ በውስጣቸው ገንዘብ የነበራቸው ብዙ ተጫዋቾችም ገንዘባቸውን ለማግኘት ዓመታት ጠበቁ። ቢሆንም በ2023 በላስ ቬጋስ ዋና ውድድር የተመዘገቡት 10,043 ደርሰው ነበር። ዳንኤል ዋይንማን የተባለ የኮምፒዩተር መሐንዲስ 12 ሚሊዮን 100 ሺህ ዶላር ወሰደ።

ሁሉም ጠበቃ፤ ሁሉም ባለ ሙያ፤ ሁሉም እንደ እኛ ያለ ሰው ነው። ይህ ነው የሚያማልለው። አንድ የሩጫ ውድድር ብናይ ሻምፒዮኑን ልናሸንፍ እንደማንችል እግራችን ይነግረናል። እዚህ ግን ለአንድ ምሽት፤ ለአምስት ቀንም ቢሆን፤ ጀማሪው ሊቁን ሊያሸንፍ ይችላል፤ አሸንፎም ታይቷል። ጨዋታው በሐሰት አያታልልም። በእውነት ነው የሚያታልለው።

ለመኒሜከር ደግ ደጉን ልናገርለት ይገባኛል። ከሽልማቱ ለአባቱና ለወዳጁ ድርሻቸውን ሰጠ፤ ግብርም አለበት። የሒሳብ ሥራውን ትቶ በዚሁ ጨዋታ መኖር ጀመረ፤ በ2019 ስሙ በፖከር የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ። ዋናውን ውድድር ግን ሁለተኛ አላሸነፈም።

ደብተሩን ስንጨርስ መሽቶ ነበር። ጎረቤቴ ወረቀቱን ከደብተሬ ላይ ቀድዶ ወሰደው። ቀዩን አልተመለከተም፤ ጣቱን ከቀዩ ቀጥላ ባለችው የመጀመሪያ ነጭ ካሬ ላይ አደረገ።

«64ኛው ማን ነበር?» አለኝ። «አምስት ቀን ከሆነው ላይ ይህን ያህል ቆይቶ፤ አንድ ሰው ብቻ ቢቀድመው ኖሮ ሽልማት የሚያገኘው?»

ያገኘሁትን የውጤት ዝርዝር አወጣሁለት። የሚያልቀው 63ኛው ላይ ነው። ወረቀቱን አራት አጥፎ በደረት ኪሱ ከመታወቂያ ወረቀቱ ጋራ አስገባና ነገ ሥራ ገቢ ነኝ ብሎ ተሰናበተኝ።